እህቴን ያላነሳት ፎቶ አንሺ

የእህቴን ባል ሰፈሩ በሙሉ «ቀጥ በሉ» ነበር የሚለው። ፎቶ ቤቱ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ይህንኑ ስለነበር ነው። ቀጥ በሉ፣ አገጭ ዝቅ፣ ትከሻ ፈታ፣ አሁን እንደገና ቀጥ በሉ። ሙሽራውንም፣ ዳኛውንም፣ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣውን ዘበኛም እኩል ነበር የሚያንገላታው። አንድ ቀን አንድ የጦር መኮንን ትዕግሥቱ አልቆ «እኔ ራሴ ሺህ ሰው ቀጥ የማሰኝ ነኝ!» ብሎ ቢጮህበት፣ «እንግዲያው አያዳግትዎትም፤ ቀጥ ይበሉ» አለው። እኔ ባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብዬ የወደቀ እስክሪብቶ የምፈልግ መስዬ ሳቅኩ።

እኔ የሚስቱ ታላቅ እህት ነኝ። እሱም እንደ እሷ «እትዬ» ነበር የሚለኝ። ባንኮኒው የኔ ነበር፤ ስም እመዘግባለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ የታተመውን ፎቶ በመቀስ እከረክማለሁ፣ ለተቆጣ ደንበኛ መልስ እሰጣለሁ። በተለይ መልሱ ላይ የሚስተካከለኝ አልነበረም። እናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ይቺን ልጅ እግዜር ጥርስ ሊሰጣት ሲል ምላስ ደረበላት» ትለኝ ነበር። እህቴ ግን ዝምተኛ ናት። ከእኔ አፍ የተረፈ ቃል ስላላገኘች ይሆናል።

ቀጥ በሉ ሲጀመር ፎቶ አንሺ አልነበረም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ለአንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ የተቃጠለ መስመር ሊቀይር ገብቶ፣ ሽማግሌው አንዲት አዋላጅ ሲያነሱ አየ። ሴትዮዋ ከሥራ የመጣች፣ የደከማት፣ ፊቷ የተጨማደደ ናት። ሽማግሌው አንዱን መብራት በክርናቸው ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ሌላ ሰው ሆነች። «ዕድሜ ልኬን መብራት ስቀጥል ኖሬ ለምን እንደሚጠቅም ያወቅኩት ያን ቀን ነው» ይል ነበር። መሰላሉን ሳያጥፍ እዚያው ቀረ። ሽማግሌው ሲሞቱ ቤቱን እሱ ተረከበው።

ሥራውን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፤ ልመስክርለት። አንድ ሰው በርጩማው ላይ ካስቀመጠ ሃያ ደቂቃ መብራቱን ብቻ ያስተካክላል። ዋናውን ከፊት ወደ ጎን፣ ሁለተኛውን ዝቅ አድርጎ ከማዶ፣ ሦስተኛውን ከኋላ ለፀጉር። «ቤቴ ቢመጡና ቢያነሱን» ለሚለው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «ሰው ወደ መብራቱ ይመጣል እንጂ መብራት ሰው ፍለጋ አይዞርም።» ደግሞ ያላማረ ፎቶ እሱ ዘንድ ዕድሜ የለውም። በፊልሙ ዘመን ፊልሙን በኔው መቀስ ይቆርጠዋል። ዲጂታል ካሜራ ሲመጣማ ተገላገለ፤ ከኋላው ያነሳውን ወዲያው የሚያሳይ ትንሽ መስታወት አለው፣ ከሥሯ ማጥፊያ ቁልፍ አለችለት። ጢጥ ያደርጋታል፣ አለቀ። «የባለሙያ ስም የሚጠፋው መጥፎ በማንሳቱ ሳይሆን መጥፎውን በማስቀረቱ ነው» ይላል።

እህቴ ደግሞ ብልጭታ አትችልም። ፍላሹ ሊበራ ሲል ከየት እንደምታውቀው አላውቅም፣ ዓይኗን ትከድናለች። በሠርጋቸው ቀን ያነሳቸው የሥራ ጓደኛው ነበር፤ ሁሉም ላይ ተከድናለች፤ አንዱ ላይማ ልታስነጥስ የደረሰች ነው የምትመስለው። ቀጥ በሉ አንድ በአንድ ቀደዳቸውና «በራሴ መብራት፣ ተረጋግቼ አነሳሻለሁ» አላት። ከዚያ በኋላ በዓመት አንዴ በርጩማው ላይ ያስቀምጣታል፣ ትከድናለች፣ ያጠፋዋል። «ለከርሞ» ይባባሉና ይሳሳቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። የመታወቂያዋ ፎቶ እንኳ ላስቲኩ ውስጥ ውሃ ገብቶበት ከፊቷ ላይ የቀረው አንድ ጆሮ ብቻ ነው። ይሄ ሁሉ ስልክ ሁሉ ካሜራ ከመሆኑ በፊት ነው፤ በየኪሱ ፎቶ የሚይዝ ሰው አልነበረም። ሚስትየው ፎቶ የላትም ብሎ ከቁም ነገር የቆጠረው ማንም የለም።

ሚጣ፣ ልጃቸው፣ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት የሽማግሌው መብራቶች አረጁ። አንዱ ሙሽሮች ፊት ፈነዳ፣ ሌላው ሲፈልግ ይበራል ሲፈልግ ያኮርፋል። አዲስ መግዛት ግድ ሆነ። የዕቃ መደብሩ ሰውዬ ሁለት ነገር ዘረጋለት። አንደኛው ሙሉ የስቱዲዮ መብራት ነው፤ ሦስት ራስ፣ ረጃጅም ማቆሚያ፣ ነጭ ጃንጥላ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ትልቅ ሳጥን፣ አውራ ጣት የሚያህል ገመድ። ሁለተኛው ሁለት ተንቀሳቃሽ ፍላሽ፣ በመዳፍ የሚያዙ፣ በባትሪ የሚሠሩ፣ ከነማቆሚያቸው አንዲት የትከሻ ቦርሳ የሚገቡ። ለሁለቱም የሚሆን አቅም አልነበረንም።

ቀጥ በሉ ሁለት ሳምንት አልተኛም። መደብሩ ሄዶ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ይነካካል። የስቱዲዮው መብራት ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ጥላው የት እንደሚወድቅ ያሳያል፣ ብርሃኑ ልስልስ ነው፣ ተኩሶ ሳይጨርስ ለቀጣዩ ኃይል ይሞላል። ግን ጠንካራ የኤሌክትሪክ መስመር ይፈልጋል፤ ከቤቱ አይወጣም። ፍላሹ ያለ መስመር የትም ይሄዳል፤ ግን ምን እንዳነሳህ የምታውቀው ከተነሳ በኋላ ነው፣ ባትሪው ሲደክም ደግሞ ቀይ መብራቷ እስክትበራ ቆሞ መጠበቅ ነው።

አንድ እሑድ ምሳ በልተን ነገሩ ተነሳ። እህቴ ሳህን እየሰበሰበች «ትንንሾቹን ብትገዛ ይሻላል» አለች። ሁለታችንም ዞር ብለን አየናት፤ በሥራው ገብታ አታውቅማ።

«ለምን ሆዴ?» አላት።

«ሰው ሁሉ መምጣት አይችልም። ያረጀ አለ፣ የታመመ አለ። የማይመጣውን ማን ያነሳዋል?»

እሱ አሰበ። ማሰቡ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር፤ ልቡ ወደዚያ ሊያዘነብል ነበር። እኔስ መች አፌ ያርፋል! «ምን?» አልኩ። «ቦርሳ አንግቶ እንደ ሱቅ በደረቴ ደጅ ለደጅ ይዙርልሽ? የሰው ምሳ መሀል እየገባ፣ ጉንጩ በጉርሻ የተወጠረ ሰው እያነሳ? ሽማግሌው ይሄን ቤት ያቆዩት ለዚህ ነው? ባልሽ ባለሙያ ነው እኮ፣ አታዋርጂው!»

እህቴ ሳህኖቹን ይዛ ሄደች። ቀጥ በሉ «እትዬ እውነቷን ነው» አለ፤ በሳልስቱ ሦስቱ ራሶች ከነገመዳቸው ገቡ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? የኔ ያን እሑድ አመለጠ። ኋላ እንደሰማነው እህቴ ያኔ ሐኪም ቤት መመላለስ ከጀመረች ሁለት ወር ሆኗት ነበር፤ እኛን «ለጥርሴ ነው» ትለናለች። ያን የተናገረችው ራሷን አስባ ይሁን፣ ወይስ እንዲያው ለሰው አዝና፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጠይቃት እየፈለግኩ ፈራሁና ቀረ።

ጉበቷ ነበር። በሽታው በአምስት ወር ውስጥ አልጋ ላይ ጣላት፤ ሐኪሞቹም «ቤቷ ትሁን» ብለው መለሱልን። ይሄ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቤታቸው ከፎቶ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ነው፤ ደረጃው ጠባብ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። እኔ ጠዋት ጠዋት ገላዋን አጥቤ፣ ሾርባ አቅምሼ ወደ ባንኮኒዬ እወርዳለሁ።

አንድ ጠዋት እጄን ያዘችኝ። «እትዬ፣ አንቺ አራት ዓመትሽ ሳለ የሆነውን ታስታውሻለሽ?»

«ምኑን?»

«ማንኛውንም።»

ብሞክር ብሞክር አንድም ነገር አጣሁ። ሚጣ አልጋው ሥር ተቀምጣ በክር ማጠንጠኛ ትጫወታለች፤ አራት ዓመት ሊሞላት ሳምንት ቀርቷታል። እህቴ እሷን እያየች «ያንሳኝ» አለች፤ ዓይኗ ዕንባ ሞልቷል። «ያንሳኝ በይው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ አንስቷል። ለሷ አንድ ብቻ ይተውላት፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ወርጄ ነገርኩት። ያን ለታ ደንበኛ አላስገባም፤ «ተዘግቷል» የሚለውን ሰቅሎ መብራቶቹን ፈታትቶ በጀርባው ሦስተኛ ፎቅ አወጣቸው። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። እህቴን አልብሼ፣ ሻሿን አስሬ፣ በሦስት ትራስ ደግፌ አስቀመጥኳት። ክፍሉ ጠቦ ትልቁ ሳጥን ጣሪያውን ነካ። ሰካው። ብሬከሩ ጧ ብሎ ወደቀ። መለሰው፤ ወደቀ። አንዱን ራስ ቀንሶ ሞከረ፤ አሁን የኛ ብቻ ሳይሆን የደረጃው መብራት ሁሉ ድርግም አለና የታችኛዋ ጎረቤት «ማነው እዚያ ላይ የሚያነድደን!» ብላ ጮኸች። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበረ ሰው እኮ ነው፤ የቤቱ መስመር እንዳረጀ ከማንም በላይ ያውቃል። ሲጨንቀው ግን የሚያውቀውንም ረሳው።

«መስኮቱን ክፈትና በቀኑ ብርሃን አንሳት!» አልኩት።

«ግድግዳው አረንጓዴ ነው፣ እትዬ። ብርሃኑ ከግድግዳው ተመልሶ ነው ፊቷ ላይ የሚያርፈው። በሽተኛ ነው የሚያስመስላት።»

«ታዲያ በሽተኛ አይደለች እንዴ!»

እህቴ ሳቀች። እኔ ልቤ ተቃጥሎ፣ እሱ ላብ በላብ ሆኖ፣ እሷ ትራሷ ላይ ሆና ከልቧ ሳቀች፤ ዓይኗ እንደተከፈተ። ካሜራው ጠረጴዛ ላይ ክዳኑን እንደለበሰ ነበር። «ቢያንስ የጓደኛህን ፍላሽ ተዋስ» አልኩት። «በማላውቀው መሣሪያ ሚስቴን አላነሳም፤ አንድ ጊዜ ነው የማነሳት፣ በደንብ ነው የማነሳት» አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ግን እኔስ ማነኝና እሰድበዋለሁ፤ መብራቱን ያስመረጥኩት እኔ አይደለሁ?

በማግስቱ ጠዋት በወንበር አወረድናት። ከታች የሰፈሩ አናጺ፣ ከላይ ሹፌር ጎረቤታችን ያዙ፤ ቀጥ በሉ ከፊት ከፊት ወደ ኋላ እየተራመደ «ቀስ፣ ቀስ፣ ግድግዳውን እንዳትነኩ» ይላል። በየመታጠፊያው ወንበሩ ሲዘነብል ጥርሷን ትነክሳለች። መንገዱ ላይ ስንወጣ ፀሐይ ፊቷ ላይ አረፈችና «እሰይ፣ ይሞቃል» አለች። ስድስት ሳምንት ደጅ አላየችም። መንገደኛው ቆሞ አሳለፈን፤ የልብስ ሰፊው መኪና እንኳ ዝም አለ።

በርጩማው መደገፊያ የለውም። ከኋላ ግራጫ መጋረጃ አለ፤ ለሁሉም ፎቶ የሚሆን። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ተንበረከኩና በመሀል ባለው ስፌት እጆቼን አውጥቼ ወገቧን ከኋላ ደግፌ ያዝኩ፤ ካሜራው እንዳያየኝ። ስለዚህ ምንም አላየሁም። የሰማሁትንና በመዳፌ የተሰማኝን ነው የምነግራችሁ። የጎድን አጥንቷን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻል ነበር።

መብራት ሲያስተካክል ሃያ ደቂቃ አልፈጀም፤ ግን ዐሥር ፈጅቷል። «ፍጠን» አልኩት ከመጋረጃው ጀርባ። «እሺ እትዬ፣ እሺ።» ተኮሰ። ወገቧ በእጄ ውስጥ ሽምቅቅ አለ።

«አሁንስ?» አለች።

«ተከደንሽ፣ ሆዴ። አንዴ ብቻ።» ጢጥ።

እንደገና። ሽምቅቅ። «አንዴ ብቻ።» ጢጥ። በአራተኛው ላብ ቀሚሷን አልፎ እጄን አራሰው። በስድስተኛው «በቃኝ መሰለኝ» አለች፣ ግን አልተነሳችም፤ ስለ ሚጣ ነው ያልተነሳችው። «በቃ ተዋት!» ብዬ ጮህኩ። «አንዴ ብቻ!» ብሎ ጮኸብኝ፤ በሕይወቱ ጮሆብኝ አያውቅም።

በስምንተኛው ወገቧ አልተሸማቀቀም። «ተከፈተ!» አለ። «እሰይ የኔ ጌታ፣ ተከፈተ!» እኔም መጋረጃው ጀርባ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ከዚያ ዝም አለ። «ጥላ…» አለ ለራሱ። «ቀና ስትል አፍንጫዋ ሥር ጥላ ወድቋል። ያከሳታል። ሆዴ፣ አሁን ለምደሽዋል፣ አንድ ብቻ፣ የመጨረሻ፣ ቀኙን መብራት ሁለት ጣት ያህል ነው የማነሳው።» ጢጥ የምትለዋ ድምፅ ተሰማችኝ። ተሰማችኝ እንጂ ልብ አላልኩም። ቀኑን ሙሉ ስሰማት የኖርኩ ድምፅ ናት።

የማቆሚያው ብሎን ሲፈታ ሰማሁ። ከዚያ እህቴ እጄ ላይ ከበደች፤ ቀስ በቀስ፣ ተኝቶ እንደሚከብድ ልጅ። ራሷ ወደ ኋላ መጥቶ ከነመጋረጃው ፊቴን መታኝ።

በመኪና ሐኪም ቤት ወሰዷት። እኔ ደግሞ ምን ሠራሁ መሰላችሁ? ከሰዓት የአንድ ትምህርት ቤት አርባ ተማሪዎች ለምስክር ወረቀት ሊነሱ ቀጠሮ ነበራቸው፤ መዝገቡ ላይ በራሴ እጅ የጻፍኩት። «ቃል ቃል ነው፤ ልጆቹ ምን በወጣቸው» ብዬ የሥራ ጓደኛውን አስጠርቼ፣ በዚያው ካሜራ፣ በዚያው መብራት አስነሳኋቸው። ቤቱ ባይዘጋ ለእሱ የደከምኩ መስሎኝ ነበር። የእህቴ ፎቶ ካሜራው ውስጥ እንዳለ ነው የማውቀው።

ከዚያ ወንበር በኋላ ቁጭ ብላ አታውቅም። በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ እጇ በእጄ እንዳለ አረፈች። ሚጣ ጎረቤት ቤት እንቅልፍ ላይ ነበረች።

ለቀብር ሰው ሲሰበሰብ አናጺው «ሣጥኑ ፊት የሚያዝ ፎቶ አምጡ፣ ፍሬሙን እኔ ሠርቻለሁ» አለ። ቀጥ በሉን ፈልጌ፣ በፊልሙ ዘመን ፊልም ያጥብበት በነበረው ጨለማ ክፍል ውስጥ አገኘሁት፤ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ያቺን የተከፈተችውን አትምልን» አልኩት።

አያየኝም። «የለችም።»

«እንዴት የለችም? ዓይኗ የተከፈተው እኮ ነው የምልህ።»

«ጥላ ነበረው፣ እትዬ። የሚቀጥለው ይሻላል ብዬ…»

በጥፊ አጮልኩት። ፊቱን አላዞረም፤ እጁንም አላነሳም። ሁለተኛ ልደግመው ስል «ድገሚኝ» አለ፤ ያኔ ክንዴ ዛለ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥን፣ ሁለታችንም አለቀስን። የአናጺው ፍሬም ባዶውን ቀረ። ኋላ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ «የጠፋ ፎቶ አንዳንዴ ይመለሳል፣ ላዩ ላይ ሌላ ካልተነሳበት» አለን። የካሜራውን ካርድ ሰጠነው። ሦስት ቀን ይዞት ከርሞ አርባ ተማሪ ይዞ መጣ። ሁሉም ቀጥ ብለዋል። ወይ ነዶ! ያንን መዝገብ የጻፈ እጄን ቆርጬ ብጥለው ደስ ባለኝ።

ቀጥ በሉ ሁለቱን ትንንሽ ፍላሾች የገዛው በዓመቱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቦርሳውን አንግቶ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት፣ አልጋ ላይ ወደቀ የተባለ ሰው ቤት ሁሉ ይዞር ጀመር። ፎቶዎቹ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አያምሩም ነበር፤ ግንባር ያብለጨልጫል፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ይለጠፋል። እሱም እያያቸው ይሰቀቃል። ግን አንድም አላጠፋም፤ የተከደነውንም፣ የተጣመመውንም፣ አትሞ ይሰጣል። ሰዎቹ እጁን ይስሙታል፤ እሱ ግን እጁን ነጥቆ ይወጣል።

ሚጣ ሰባት ዓመት ሲሆናት ባንኮኒዬ ሥር መጫወት ለመደች። እዚያ ባለቤቶቹ መጥተው ያልወሰዷቸው ፎቶዎች የሚቀመጡበት ካርቶን አለ። አንድ ቀን ከሰዓት አንዱን ይዛ ወጣችና «አክስቴ፣ ይቺ ናት?» አለችኝ።

«ማን?»

«እናቴ።»

አንዲት የማላውቃት ሴት ናት፤ ምናልባት ነርስ፣ ምናልባት ጸሐፊ። «አይደለችም፣ ሚጣዬ» አልኳት። ገብታ ሌላ አመጣች። «ይቺስ?» አይደለችም። «ይቺስ?» እንዲህ ስታደርግ ሳምንት ሆናት። በመጨረሻ መጠየቅ ተወች። አልጋዋን ሳነጥፍ ትራሷ ሥር የአንዲት ባለመነጽር ሴት ጉርድ ፎቶ አገኘሁ፤ ጠርዙ በከንፈር ብዛት ለስልሷል። ምን ልበላችሁ። ለአባቷ ወስጄ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት። ብዙ ቆሞ አየው።

በማግስቱ መጋረጃውን ዘግቶ «እትዬ፣ ተቀመጪልኝ» አለኝ።

አልገባኝም መጀመሪያ። «አንቺና እሷ አንድ ፊት ናችሁ» አለ፤ እውነት ነው፣ ከአገጫችን በቀር ያመሳስሉን ነበር። «ዐሥር ዓመት ከፊትሽ ላይ በመብራት መቀነስ እችላለሁ። አገጭሽን በጥላ እደብቀዋለሁ።» ምን እንደሚል ሲገባኝ የስድብ መዓት አወረድኩበት። እብድ ነህ፣ አልኩት። የሞተች እህቴን ልብስ አድርገህ ልታለብሰኝ? ስጨርስ «ሌላ መላ ካለሽ ንገሪኝ፤ የምትስመው የማናውቀውን ሰው ነው» አለ። መላ አልነበረኝም። የእህቴን ሻሽ አሰርኩና በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ሦስቱን መብራቶች ሲያንቀሳቅስ ቆየ። አንዴም «ቀጥ በሉ» አላለም። አንድ ጊዜ ብቻ ተኮሰ። መስታወቷን አየና ካሜራውን ደረቱ ላይ አድርጎ ጀርባውን ሰጠኝ። ሲታተም እኔ ራሴ ደነገጥኩ፤ እሷ ነበረች ለማለት ምንም አልቀረኝም።

ሚጣ ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። ከዚያ እኔን አየች፣ ፎቶውን አየች። «አክስቴ፣ እናቴ አንቺን ትመስላለች» አለችና ደስ ብሏት ሮጠች። እኔም አባቷም አፋችንን ዘጋን። ስታድግ እንነግራታለን ተባባልን፤ ስታድግ ደግሞ ጭራሽ ከበደን። እሱ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው፤ አሁን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሚጣ ዛሬ ባለትዳር ናት። ፎቶውን አስተልቃ ሳሎኗ ውስጥ፣ በሩ ፊት ለፊት ሰቅላዋለች። ለመጣ እንግዳ ሁሉ «እናቴ ናት፤ አባቴ ነው ያነሳት» ትላለች፤ በኩራት። ባለፈው ሳምንት ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጇን ታቅፋ ፎቶው ሥር ቆመች። «አያትህ የታለች? አያትህን አሳየኝ» አለችው። ልጁ ግድግዳውን አየ፤ ከዚያ ዞር አለና ሶፋው ላይ የተቀመጥኩትን እኔን በጣቱ አመለከተ።

ሚጣ በሳቅ ፈረሰች። «አይ የኔ ሞኝ! እሷ አክስቴ ናት» አለችው፤ እጁን ይዛ ወደ ፎቶው መለሰችው። «ይቺ ናት አያትህ። በላ፣ ሳማት።»

ልጁ ከንፈሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ሳመኝ።